ጨረቃ ስትሞላ ባሕሩም ይሞላል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ዳንግላ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ፣ እንኳን በደህና ተገናኘን። የዛሬው ወሬዬ ስለ ታንዛኒያዋ ደሴት ስለ ዛንዚባር ነው። ቦርሳ አዝሎ፣ ርካሽ አልጋ ይዞ፣ ሙሉ ጨረቃ ሰሞን በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ፣ ኬንድዋ በምትባለው መንደር አሸዋ ላይ ሲጨፍሩ ስለማደር።

እኔን የሚያሳስበኝ ባሕሩ ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ውሃ አውቃለሁ ቢል እውነቱን ነው። ዋናውን ያውቃል፣ ታንኳውን ያውቃል፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ ያውቃል። ግን ጣና ጠዋት ትተነው የሄድንበት ቦታ ማታም ይጠብቀናል። ቢሞላም በክረምት ነው፣ ቢጎድልም በበጋ፣ ያውም ቀስ እያለ። ሕንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ እስከ ሌላው ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል፤ በየቀኑ ደግሞ ሰዓቱ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ውሃውን የሚስቡት ጨረቃና ፀሐይ ናቸው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጨርሳ ስትጠፋ ሁለቱ ከመሬት ጋር በአንድ መስመር ስለሚሰለፉ ጉልበታቸው ይደመራል። ያኔ ባሕሩ ከወትሮው አብልጦ ይወጣል፣ ከወትሮው አብልጦ ይሸሻል። ዛንዚባር ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ከፍታ በዚያ ሰሞን ከ3 ሜትር ያልፋል። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ወቅት “ባምቩዋ” ይሉታል።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ የኬንድዋው ጭፈራ የሚደረገው ለሙሉ ጨረቃ በሚቀርበው ቅዳሜ ነው። ባሕሩ ኃይለኛ በሚሆንበት ሰሞን ማለት ነው።

ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር ልንገራችሁ። ሙሉ ጨረቃ ላይ ባሕሩ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ይሞላል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ይጎድላል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ተመልሶ ይሞላል። ቅዳሜው ከሙሉ ጨረቃው ሁለት ቀን ከዘገየ ሁሉም ወደ መቶ ደቂቃ ይገፋል፤ ከቀደመም በዚያው ልክ ይቀድማል። አሁን ጭፈራውን በዚህ ላይ አስቀምጡት። ሰው ምሽት 4 ሰዓት ላይ ሲደርስ አሸዋው እንደ ሜዳ ሰፍቶ ይቆየዋል። ጫማውን ያወልቃል፣ ቦርሳውን ከግርግሩ ራቅ አድርጎ ወደ ውሃው በኩል ያኖራል። ውሃው ሲመለስ ደግሞ አመጣጡ እኩል አይደለም። በመጀመሪያው ሰዓት ፈቅ አይልም ያስብላል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉን ይወጣል። ይህ ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት ነው፣ ጭፈራው በሚጦፍበት ሰዓት። ለጥ ባለ አሸዋ ላይ ውሃ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አለ ማለት ያ ሁሉ ሜዳ ተዋጠ ማለት ነው። ፓስፖርትም፣ ስልክም፣ እዚያው ጋደም ያለ ሰውም አለበት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሳይጨልም አሸዋው ላይ የደረቀ የባሕር ሣርና ቅርፊት በረድፍ የተኛበትን መስመር ፈልጉ። ያለፈው ሙላት የደረሰበት እሱ ነው። ሁለትና ሦስት መስመር ካያችሁ ከሁሉ በላይ ያለውን ያዙ። ቦርሳም ሰውም ከዚያ በላይ ይሁን። ፓስፖርቱን እንዲያውም ማደሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ በራሳችሁ ጓጉንቸር ቆልፉበት፤ አብዛኞቹ ሆስቴሎች ሣጥኑን ይሰጣሉ፣ ጓጉንቸሩን አይሰጡም።

ስለ ሰዓት ካነሳን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ነው። “ሳ ንኔ” ካላችሁ አራት ሰዓት ነው፣ የእኛው አራት። አውሮጳዊው መንገደኛ ግራ በሚጋባበት ቦታ እኛ ቤታችን ነን። የጀልባና የአውሮፕላን ትኬት ላይ የታተመው ግን የፈረንጁ ሰዓት ስለሆነ እዚያ ላይ ስድስት ሰዓት መቀነስ አይዘንጋ።

ምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ባሕሩ ሲጎድል በጣም ርቆ ስለሚሸሽ ሰው በእግሩ እስከ ኮራሉ፣ ባሕሩ ውስጥ እንደ አጥር እስከተዘረጋው ድንጋይ፣ ይሄዳል። መሬቱ ላይ ሴቶች የባሕር ሣር የሚያለሙበት ገመድ ተዘርግቷል፤ እርሻ ነውና እንደ ሰው ማሳ ቆጥራችሁ ዙሩት። ድንጋዩ ሥር የባሕር ጃርት የሚባል እንስሳ አለ፣ ጥቁር፣ እሾሁ ረጅምና ተሰባሪ። ለዚህ እኛ አገር ያለው ኮንጎ ጫማ በጣም ይሆናል፤ ውሃ ያስወጣል፣ ከእግር አይወልቅም። እሾሁ ከወጋችሁ የሚታየውን በወረንጦ አውጡ፣ ውስጥ የቀረውን ግን በመርፌ አትቆፍሩ። እግሩን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘፍዝፉት። ለመመለስ ደግሞ ውሃው መነሳት ከመጀመሩ በፊት ፊታችሁን ወደ መንደሩ አዙሩ። ውሃ መጀመሪያ የሚሞላው ዝቅ ያለውን ቦታ ስለሆነ፣ ከፊታችሁ ሳይሆን ከኋላችሁ፣ በእናንተና በዳርቻው መካከል ይገባል። ዋናተኛን የሚወስደው ግን ሲጎድል ነው፤ በኮራሉ ክፍተት በኩል ውሃው ወደ ውጭ ይሮጣል። ከያዛችሁ አትታገሉት፣ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን እየዋኛችሁ ከሚስበው ውሃ ውጡ። ከጠጡ በኋላ በሌሊት መዋኘት የለም። ጨው ውሃ ሰውን ስለሚያንሳፍፍ የጣና ዋናተኛ ከልኩ በላይ ይተማመናል።

መጠጡ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከዚያም በላይ። ይህን አየር ለለመደ ሰው ዛንዚባር ይከብዳል፤ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ነው፣ ላቡ አይደርቅም፣ እየጨፈሩ ደግሞ ይበዛል። ስለዚህ በአንድ ቢራ አንድ ግማሽ ሊትር ውሃ። ኮኛጊ የሚባለው የአገሩ መጠጥ 35 ከመቶ አልኮል አለው፤ እንደ ጠጅ አይጠጣም። “እንደናንተ አረቄ” ብሎ ጎንጎ የሚያቀርብላችሁ ካለ እምቢ በሉ። በየቤቱ የሚወጣ አረቄ ነው፣ በሕግም የተከለከለ፣ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል። ሜታኖል ስካር መስሎ ይጀምርና ሲነጋ ዓይን ያደበዝዛል፤ ያኔ መተኛት ሳይሆን ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ለተራው ድካም ኦአርኤስ ከአገር ያዙ፣ አንዱ ከረጢት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ።

መንደሩ የሙስሊም መንደር ነው። ክብራን ገብርኤል ወይም ዘጌ ደጃፍ ላይ ራቁቱን ሊቀር የደረሰ እንግዳ ቢመጣ ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። ከአሸዋው ወጥታችሁ ወደ መንደር ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ አንድ ነጠላ ለዚህም፣ ለፎጣም፣ ለአንሶላም ይበቃል። በረመዳን ጭፈራ ፍለጋ አትሂዱ፤ ቀን በአደባባይ መብላትም ነውር ነው።

ወረቀቱን ቶሎ ልበለው። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት፣ ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለውጭ እንግዳ የግድ የሆነው የዛንዚባር መድን ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ሳትነሱ በኦንላይን ክፈሉት። ብር እዚያ አይመነዘርም፤ አዳዲስና ያልተቀደደ ዶላር ይዛችሁ ወደ ሽልንግ ቀይሩ። ከስቶን ታውን፣ ከደሴቲቱ አሮጌ ከተማ፣ 116 ቁጥር ዳላዳላ፣ የአገሩ ታክሲ ማለት ነው፣ ወደ ኑንግዊ ይወስዳል፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለኬንድዋ መገንጠያው ላይ አውርደኝ በሉት፣ የቀረው በእግር ነው።

ቦርሳው 40 ሊትር ይበቃል። በሶና ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ከረጢት ይሁን፤ ፌስታል ታንዛኒያ ውስጥ ከግንቦት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተከለከለ ነው። ስትመለሱ ቦርሳውን ባዶ አድርጉና ዚፖቹን በንጹሕ ውሃ አንድ በአንድ እጠቡ፣ ጥርሱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ጨው ከቆየበት ዚፑ ይነክስና በሚቀጥለው ጉዞ መንገድ ላይ ይበጠሳል። ጥላ ላይ አንጠልጥላችሁ ሳይደርቅ አታጥፉት።