ሰው ዛፍ ሲመስለን

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዛሬ አላስረዝምም። ይህን የሚል ተናጋሪ ሁሉ እንደሚያስረዝም አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ሰዓቴን አውልቄ ፊቴ ያስቀመጥኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንሞክር። ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። አውራ ጣቶቻችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ጎን ለጎን አቁሙ። አሁን ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑና በቀኝ ዓይናችሁ የግራውን አውራ ጣት ብቻ እዩ። ዓይናችሁን ከእሱ ሳትነቅሉ ቀኝ እጃችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ ቀኝ ውሰዱት። ቀስ በሉ። ስንዝር የማይሞላ ርቀት ላይ ሲደርስ የቀኙ አውራ ጣት ጫፍ ጥፍት ይላል። ያልጠፋላችሁ ዓይናችሁ ሸርተት ብሎባችሁ ይሆናል፤ ቤት ሄዳችሁ ድገሙት።

ጣታችሁ የትም አልሄደም። የማየት ነርቭ ከዓይናችን ጀርባ በሚወጣበት ቦታ ብርሃን የሚቀበል ሴል የለም። እዚያች ነጥብ ላይ ሁላችንም ዕውሮች ነን፤ ሐኪሙም፣ ሰባኪውም። እኔን የገረመኝ ግን ዕውርነቱ ሳይሆን አለማወቃችን ነው። ጥቁር ቀዳዳ አይታየንም። አእምሯችን ዙሪያውን ካለው ግድግዳ ቆረስ አድርጎ ክፍተቱን ይለጥፈዋል፣ እኛም ሙሉ ግድግዳ አየን ብለን እንሄዳለን። ዕድሜ ልካችንን።

ስለ ዓይን ማንበብ የጀመርኩት እናቴ ከታመመች በኋላ ነው። ያነበብኩት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከፊት ያለው፣ መስታወት የሚመስለው ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ ደም ቢዘዋወርበት ብርሃኑን ይጋርድ ነበርና ኦክስጅኑን በእንባው በኩል በቀጥታ ከአየር ይወስዳል። ከኋላ ያለችው ሬቲና ደግሞ ከግማሽ ሚሊሜትር የሳሳች ሆና 100 ሚሊዮን ገደማ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ይዛለች፤ ወደ አእምሮ የሚሄዱት የነርቭ ክሮች ግን አንድ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። የታየው ሁሉ አይላክም ማለት ነው፤ እዚያው ዓይን ውስጥ ተመርጦና ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። ምስሉም የሚያርፈው ተገልብጦ ነው። እናንተ አሁን በእግሬ ቆሜ ታዩኛላችሁ፣ ዓይናችሁ ውስጥ ግን ተዘቅዝቄያለሁ።

መዝሙረኛው ይህን ሁሉ ሳያነብ «ዓይንን የሠራው አያይምን?» ብሎ ጠየቀ። መዝሙር 94 ላይ ነው። እኔም በዚያው ጥያቄ እቆማለሁ፤ ዓይንን ይዤ ከማንም ጋር ክርክር አልገጥምም። የዓይንን አሠራር ጥንቅቅ አድርገው የሚያውቁ፣ ሠሪ ግን የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ። ሬቲና የሚለውን ቃል ሰምተው የማያውቁ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግን በር ላይ ቆመው የሚያመሰግኑ እናቶችም አሉ። የሚያዩት ፍጥረት አንድ ነው። አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ እናቴ ልመለስ። በሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ነበረባት። ሞራ ማለት ከብሌኑ ኋላ ያለችው ጥርት ያለች ሌንስ ስትደፈርስ ነው። ለብዙ ጊዜ አልነገረችንም። «ደህና አያለሁ» ነበር መልሷ። ልጆቿን ማስቸገር አልፈለገችም። ቡና ስትቀዳ ሲኒው መሙላቱን የምታውቀው በድምፁ ነበር፤ ቡናው ወደ አፍ ሲጠጋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ያኔ ጀበናውን ቀና ታደርጋለች። አንድ እሑድ እኛ ስናወራ፣ ስንስቅ፣ ድምፁ አልሰማ አላትና ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ያን ቀን ነው ያወቅነው።

ኦፕራሲዮኑ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የደፈረሰችውን ሌንስ አውጥተው በሰው ሠራሽ ተኩላት፣ በመጀመሪያ አንዱን ዓይን ብቻ። በማግስቱ ፋሻው ተፈታና ወደ ቤት ወሰድናት። እህቴ እልል ልትል አፏን አዘጋጅታለች። እናቴ በሩ ላይ ቆመች፣ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ዝም አለች። ከዚያ «ይህን ሁሉ ጥቀርሻ ተሸክማችሁ ነው የምትኖሩት?» አለችን።

ሳቅን። ጥቀርሻው ግን ያን ቀን አልመጣም። የሸረሪት ድሩም። ስንት ዓመት እሷ ራሷ ከሥሩ ተቀምጣ ጸሎቷን ስታደርስ ኖራለች። የልብ ዓይን ሲከፈት እኔ የምጠብቀው ክብርና ራእይ ነበር፤ ቀድሞ የታየኝ ግን የራሴ ቤት ጣሪያ ነው።

ሌላ ታሪክ ልጨምርና እጠቀልላለሁ። ዊልያም ቼዝልደን የሚባል የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1728 ያሳተመው ነው። ማየትን ጨርሶ የማያስታውስ የ13 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር፤ ዓይኑን ሠራለት። ልጁ አየ። ግን ያየውን አላወቀውም። ነገር ሁሉ ዓይኑን የሚነካው ይመስለው ነበር። ድመቷንና ውሻውን መለየት አቃተው፣ ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ አፈረ። ታዲያ አንድ ቀን ድመቷን ያዛት። በእጁ ሲዳስሳት ያውቃታል። እየዳሰሰ ትክ ብሎ አያት፣ ከዚያ አስቀመጣትና «በይ እንግዲህ፣ ሌላ ጊዜ አውቅሻለሁ» ብሎ ለቀቃት። ዓይን መከፈትና ማየት መልመድ ሁለት ነገር ነው።

አሁን ማርቆስ 8ን አስቡት። ቤተ ሳይዳ። ጌታ የዕውሩን እጅ ይዞ ከመንደር ያወጣዋል፣ እጁን ይጭንበታል፣ ከዚያ ይጠይቀዋል፦ አንዳች ታያለህ? ሰውየው ቀና አለና «ሰዎች እንደ ዛፍ ሲመላለሱ አያለሁ» አለ። ይህን ታሪክ የጻፈው ማርቆስ ብቻ ነው። ድሮ ሳነበው ቅር ይለኝ ነበር፤ ጌታ ለምን በአንዴ አልጨረሰውም? አሁን ዓይኔ የሚያርፈው ሰውየው ላይ ነው። እስቲ በእሱ ቦታ እኛ ብንሆን! እኛ ይሉኝታ የገደለን ሰዎች፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥርት አድርጌ አያለሁ» ብለን ወደ ቤታችን ነበር የምንሄደው። ዕድሜያችንን ከዛፎች ጋር እንኖር ነበር። እሱ ግን ያየውን ያህል ተናገረ፤ ጌታም እንደገና እጁን ጫነበት።

ከጥቂት ቁጥሮች በኋላ ጴጥሮስ «አንተ ክርስቶስ ነህ» ይላል። ወዲያው ደግሞ ስለ መስቀሉ ሲሰማ ጌታን ይገሥጻል። ግማሽ አይቷል።

እኔስ? የምሠራበት ግቢ በር ላይ የሚቀመጡ አዛውንት ጥበቃ አሉ። አራት ዓመት በፊታቸው ገብቼ ወጥቻለሁ፣ አንገቴን እየሰበቅሁ፣ አንዳንዴ ስልኬን እያየሁ። አንድ ሰኞ ወንበሩ ባዶ ነበር። ታመው ነው አሉኝ። ልጠይቃቸው ፈለግኩና ቤታቸውን ላጠያይቅ ስል ስማቸውን አላውቅም። አራት ዓመት ሙሉ የበሩ አካል ነበር የሚመስሉኝ። እኔ በዚያ ወቅት እሑድ እሑድ ስለ ልብ ዓይን አስተምር ነበር። ይህን ስነግራችሁ ያሳፍረኛል፤ ድመቷ የትኛዋ እንደሆነች ለመጠየቅ እንዳፈረው ልጅ ነኝ። ስማቸውን አሁን አውቃለሁ። የልጆቻቸውንም።

እናቴ ሁለተኛው ዓይኗ የተሠራላት ከወራት በኋላ ነው። ያኔ ቀጠሮ ያስያዘችው ራሷ ናት። «ይኼኛው ገና ጭጋግ ነው» ብላ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሰዓቴ አልቋል። ከፕሮግራሙ በኋላ ኋላ በኩል ሻይ ተፈልቷል። ሻዩን ይዛችሁ ስትቆሙ አጠገባችሁ ያለው ሰው «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» ማለቱ አይቀርም። እስቲ ዛሬ ያያችሁትን ያህል ብቻ ንገሩት። ዛፍ ዛፍ ከመሰላችሁም እንደዚያው በሉት።