መርፌዋ ለምን አልወረደችም?

እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቼ። የዛሬውን ክፍል ለሌላ ርእስ አዘጋጅቼው ነበር፤ ነገር ግን ከቤታችን የጉድጓድ ውሃ ጉዳይ ጋር ገና ስላልተለያየን ወደዚያው ለመመለስ ተገድጃለሁ። የላይኛው ፎቅ ሻወር በደንብ መፍሰስ መጀመሩን ባለፈው ሳበሥራችሁ ብዙዎቻችሁ የ«እንኳን ደስ ያለሽ» መልእክት ልካችሁልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ውሃው እስካሁንም ይፈሳል። ዕረፍት የነሳኝ ግን በምን ምክንያት ጠፍቶ በምን ምክንያት እንደ ተመለሰ ማወቄ ነው።

ወንድም ጋሼን መቼም ታውቁታላችሁ። ሰውም ይሁን ሞተር፣ ለደከመ ነገር ሁሉ የሚያዝዘው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ «ጨምሪበት!» በዚህም ጊዜ ደውዬ ነገሩን አስረድቼ ሳልጨርስ፣ የፕሬዠር ስዊቹን ክዳን ከፍቼ በሞላው ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ እንዳጠብቀው አዘዘኝ። ስዊቹ ግፊቱ ሲወርድ ፓምፑን የሚያስነሣ፣ ሲሞላ ደግሞ የሚያጠፋ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ያ ዳዶ ሲጠብቅ መነሻውም ማጥፊያውም አብረው ከፍ ይላሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በ2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ተነሥቶ በ3.5 ባር የሚጠፋን ፓምፕ ማጥፊያውን 5 ባር ላይ ብንሰቅልበት፣ አቅሙ እዚያ የማያደርሰው ከሆነ ጨርሶ ሳይጠፋ ይውላል። የጠላቂ ፓምፕ፣ ማለትም እንደ እኔው ጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ የሚሠራ ፓምፕ፣ ሞተር የሚቀዘቅዘው በጎኑ በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ ደግሞ፣ የሚገፋው ውሃ እያነሰ ሲሄድ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። በዚያ ላይ ውሃውን በታመቀ አየር ወደ ቤት የሚገፋው ታንክ አየሩ ከፓምፑ መነሻ ግፊት በ0.15 ባር ገደማ ዝቅ ብሎ መሞላት ስላለበት፣ ስዊቹን የነካ ሰው አየሩንም ማስተካከል ይኖርበታል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ «እንግዲያው ትንሽ ብቻ ጨምሪበት» አለኝ።

ለማንኛውም፣ ዳዶውን አልነካሁትም። ያልነካሁትም ጌጁን፣ የግፊት መለኪያውን፣ በማየቴ ነው፤ ወደዚያች ቅጽበት ደጋግሜ የምመለሰውም ለዚህ ነው።

ፓምፕ ክፍሉ ውስጥ ጌጁ ፊት ቆሜአለሁ፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ላይኛው ፎቅ ሻወሩ ዘንድ ነው። ጌጁ የተገጠመው ከታንኩ አጠገብ፣ ከማጣሪያው በፊት መሆኑን ያዙልኝ። መርፌዋ 3 ባርን አለፍ ብላ ቆማለች። «ክፈተው!» ብዬ ጮኽኩ፤ «ከፍቼዋለሁ!» የሚል ድምፅ መጣልኝ። መርፌዋ አልተነቃነቀችም። «እስከ መጨረሻው ክፈተው!» አልኩ። «እስከ መጨረሻው ነው እኮ፣ አክስቴ፤ እጅ እንኳ አያስታጥብም!» አለኝ። ከላይ ውሃ የለም፤ ከታች ደግሞ መርፌዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ከ3 ባር በላይ ቆማለች፤ ዓይኔን ሳልነቅል ባያትም የምትወርደው ለዓይን በማይታወቅ ዝግታ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ግፊቱ ደህና ነው፣ እንግዲህ ጥፋቱ የሻወሩ ነው» ብሎ ይሄዳል። ውሃውን ያጠፋው ፓምፑ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ፓምፑ ደክሞ ወይም ጉድጓዱ አጥሮት ቢሆን ኖሮ፣ ቧንቧው እንደ ተከፈተ መርፌዋ ትወርድ ነበር፤ ከመነሻው ግፊት በታች ወርዳም ፓምፑ እየሠራ ሳለ እዚያው ዝቅ ብላ ትቀር ነበር። ያልወረደችው ውሃው ከታንኩ ስላልወጣ ነው። ስለዚህ ማነቆው ከጌጁ ወዲያ፣ በመርፌዋና በሻወሩ መካከል አንድ ቦታ ላይ መኖር አለበት።

በእርግጥ ሌላም ዕድል ነበረ፤ ጌጁ ራሱ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ጌጁንና ስዊቹን የምትመግበው ቀጭን ቱቦ በዝገትና በደለል ስትደፈን መርፌዋ ያለፈውን ግፊት ይዛ ትቀራለች። ይህን ለማጣራት የፓምፑን መብራት አጥፍቼ በታንኩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ከፈትኩ። መርፌዋ ቀስ እያለች ወረደች፤ ከ2 ባር ትንሽ ዝቅ እንዳለች ግን በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ተወረወረች። ይህች የተወረወረችበት ቦታ ናት የታንኩ አየር ልክ፤ በላስቲኩ ከረጢት ውስጥ ያለው ውሃ እዚያ ላይ ስለሚያልቅ፣ ከዚያ በታች የሚገፋ ነገር አይኖርም። ከአየር መሙያዋ ጫፍ ውሃ ቢንጠባጠብ ላስቲኩ ተቀዷል ማለት ነበር፤ አልተንጠባጠበም። ጌጁም ታንኩም ከክሱ ነጻ ወጡ።

እኔን የሚገርመኝ የተዘጋ ውሃ ምን ያህል እንደሚያታልል ነው። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ሲያድር፣ በማጣሪያው ውስጥ የቀረችው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መንገድ እንኳ ሙሉውን ግፊት ቀስ በቀስ ወደ ማዶ ታሻግራለች፤ ጠዋት ሻወሩ ሲከፈት ለቅጽበት በኃይል ወጥቶ ወዲያው የሚከስመውም ለዚህ ነው። ሰበቃው፣ ማለትም ውሃው ከመንገዱ ግድግዳ ጋር መፋተጉ፣ የሚመጣው ውሃው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሲመጣ ደግሞ ያለ ርኅራኄ ነው የሚመጣው፤ የቧንቧው የውስጥ ዲያሜትር በዝገት ምክንያት በግማሽ ቢጠብና ያንኑ ያህል ውሃ ልናሳልፍ ብንሞክር፣ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ወደ 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በአንጻሩ ከፍታ የሚወስደው ቀላል ነው፤ ለ10 ሜትር 1 ባር፣ ለአንድ ፎቅ 0.3 ባር ያህል። «ፎቅ ስለሆነ ነው» ያላችሁኝ አድማጮች በዚህ ብቻ ታርቀናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የማጣሪያውን ማለፊያ ከፍቼ ውሃው ሳይጣራ እንዲያልፍ ሳደርግ ከላይ ጩኸት ተሰማ፤ ሻወሩ ልጁን ከነልብሱ አጥቦታል። ማጣሪያውን ፈታሁት። ነጭ የነበረው ካርትሪጅ፣ ቆሻሻውን የሚይዘው የውስጥ ክፍል፣ ቡናማ ሆኗል፤ ይህስ የሚጠበቅ ነው፣ ብረት ያለበት ውሃ ያደርገዋል። ነገር ግን በጣቶቼ መካከል ሳሸው እንደ ብረት ዝቃጭ አልተሙለጨለጨም፤ ቆረቆረኝ። የማጣሪያውን ዕቃ በብርጭቆ ውስጥ ስገለብጠው ደመናው ገና ከላይ ሲዋልል፣ ከሥሩ ወዲያው የተኛ ስስ የአሸዋ ንጣፍ ታየ። አዲስ ካርትሪጅ ሲገባ ውሃው ተመለሰ፤ እናንተን ያበሠርኳችሁም ያን ጊዜ ነው። አሸዋው ግን ከቧንቧ ውስጥ አይበቅልም። የመጣው ከጉድጓዱ ነው።

አንድ አድማጭ ይህን በተመለከተ ጥሩ ጥያቄ ልኮልኛል፤ እርሱ ዘንድ ፓምፑ ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ የተተከለ ነው፤ ውሃው አየር እየተፋ ይመጣል፣ አሸዋ ግን የለውም። የእርሱ ፓምፕ ውሃን አይጎትትም፤ ከቱቦው ውስጥ አየሩን ይቀንሳል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ውስጥ ውሃው ላይ የተጫነው አየር ነው። የከባቢ አየር አቅም ደግሞ በባሕር ጠለል ላይ እንኳ 10.3 ሜትር ላይ ያልቃል፤ በተግባር ከ7 እስከ 8 ሜትር ነው፣ በደጋ አገር ከዚያም ያንሳል። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 በጻፈው ደብዳቤ ሰው በአየር ባሕር ግርጌ ተዘፍቆ እንደሚኖር መግለጹን ሳስብ፣ ከጉድጓዱ በላይ ሌላ የማይታይ ጉድጓድ ያለ ይመስለኛል። ይቅርታ፣ ከመንገድ ወጣሁ። ለጠያቂው የምለው፣ የጉድጓድህ ውሃ ወደ ታች ሸሽቶ ከዚያ ወሰን አልፎ ይሆናል፣ አለዚያም የመምጠጫው ቱቦ አንድ ቦታ ላይ አየር ያስገባል።

የእኔ ፓምፕ ውሃው ውስጥ ሰጥሞ ከታች ስለሚገፋ ይህ ወሰን አያግደውም፤ ጉድጓዱ ሲሸሽበትም እንደዚያ በግልጽ አይናገርም። የውሃው ወለል 10 ሜትር ቢወርድ ከአቅሙ 1 ባር ይቀነስበታል፣ እርሱም ዝም ብሎ ይሠራል። አሸዋውም ቢሆን የፓምፑን ኢምፔለሮች፣ ውሃውን እየተሽከረከሩ የሚገፉትን ክፍሎች፣ እየበላ በዝምታ ያዳክመዋል። ሁለቱም ከውጭ የሚታዩት በአንድ ምልክት ነው፤ ፓምፑ ታንኩን ለመሙላት የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል። ይህን ለመለካት ታንኩ ሞልቶ ፓምፑ ከጠፋ በኋላ፣ እንደገና እስኪነሣ ድረስ የሚወጣውን ውሃ በባሊ መስፈር፣ ከዚያ ሁሉንም ዘግቶ እስኪጠፋ ድረስ ሰዓት መያዝ ነው፤ 30 ሊትር በ1.5 ደቂቃ ከተሞላ ፓምፑ በደቂቃ 20 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ይህ ቁጥር መድከሙን ይነግራል፤ ያደከመውን ግን አይነግርም።

ጉድጓዱን ያዩት ሁለት ባለሙያዎች አልተስማሙም። አንደኛው ውሃ የሚያስገባው ወንፊት ተበልቷል ይላል። ሁለተኛው ፓምፑ ከጉድጓዱ ግርጌ ጋር ተጠጋግቶ ስለ ተሰቀለ የተጠራቀመውን ደለል እየላሰ ነው፣ ጥቂት ሜትር ከፍ ይደረግ ይላል። ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ምናልባት ርካሹን ስለምመኝ ይሆናል። ነገር ግን የውሃው ወለል በእርግጥ ወርዶ ከሆነ፣ ከፍ የተደረገ ፓምፕ ውሃው ሲጎድል አየር ይስባል። ወንፊቱ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ፓምፕ ማስገባት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ውሃው በፍጥነት በተሳበ መጠን አሸዋውን ይዞ የመምጣት ኃይሉ ይበረታል። ያኔ መድኃኒቱ የፓምፑን ውሃ በቫልቭ ማፈን፣ ማለትም ከጉድጓዱ ቀስ ብሎ በመቅዳት ማጠራቀሚያ ውስጥ ማስገባትና ለቤቱ ግፊት ሌላ ትንሽ ፓምፕ መስጠት ይሆናል። ግፊት አነሰኝ ብዬ ተነሥቼ ከጉድጓዱ የምወስደውን እንድቀንስ መመከሬን ለወንድም ጋሼ እንዴት እንደማስረዳው እንጃ።

ከሁሉም በፊት የውሃውን ወለል መለካት ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ፓምፑ ብዙ ሰዓት ካረፈ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እየሠራ ሳለ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጉድጓዱ የሚሰጠን ከምንጠይቀው ያነሰ ሳይሆን አይቀርም፤ ያኔ ክርክሩ ያልቃል ብዬ አስባለሁ። ጠባብ ከሆነና ከፓምፑ በላይ በቂ ውሃ ካለ ወለሉ ደህና ነው፣ ፓምፑንም ያለ ሥጋት ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን እንደዚያም ሆኖ ወንፊቱ መበላቱን ወይም አለመበላቱን አይነግረኝም፣ ደግሞም ፓምፑ ከፍ ከተደረገ በኋላ አሸዋው ቢቀጥል…