አባባ ዝም ብለው ጡረተኛ አልነበሩም

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከመጋላም ከከዚራም የመጣችሁ ወዳጆች፣ በተለይ ደግሞ እዚያ ከኋላ የተደረደራችሁ የምድር ባቡር ጡረተኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ለአያቴ ለአባባ አርባ «ሁለት ቃል ተናገር» ተብያለሁ። ሁለት ቃል አይበቃኝም። የድሬዳዋን ሙቀት ችላችሁ ታገሡኝ።

ቅሬታ ይዤ ነው የመጣሁት። በቀብሩ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ሰምታችኋል። የት እንደተወለዱ ተነገረ። ስንት ልጅ፣ ስንት የልጅ ልጅ እንዳዩ ተነገረ። ከእኛ ውስጥ ማን ዲግሪ እንደጫነ፣ ማን ውጭ አገር እንዳለ ሳይቀር ተዘረዘረ። የሰውየው ሥራ ግን በአንድ መስመር አለቀ። «በምድር ባቡር ሲያገለግሉ ቆይተው በጡረታ ተገለሉ።» በቃ! ምን ሲያገለግሉ? ዘበኛ ነበሩ? ትኬት ቆራጭ? እሱም ክቡር ሥራ ነው፤ ግን ይነገራ!

እሺ፣ እኔ ልንገራችሁ። አባባ ቶርኖ ላይ ነበር የሚሠሩት። ልጆች፣ ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው። ከጂቡቲ የተነሳው ሃዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጅቶበታል። ይህችን ከተማ የወለዳት እሱ ነው። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር፣ በሁለቱ ሃዲዶች መካከል አንድ ሜትር ብቻ። አባባ በሠሩበት ዘመን ብዙው ዕቃ አርጅቷል፤ መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም። ታዲያ ባቡሩ በምን ሄደ? በእነዚህ ከኋላ በተቀመጡት ሰዎች እጅ! የተሰበረው ይመጣል። አባባ ይለካሉ፣ በእርሳስ ይነድፋሉ፣ ከብረት ይቀርጻሉ። ልኩ በትንሹ ከሳተ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔት ይግላል። ባቡሩ ከነሰዉ፣ ከነጭነቱ በረሃ መሃል ይቆማል።

ከጡረታ በኋላ ደግሞ ብሷል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከተማችን ከ200 በላይ ሰው አጣች። ስለዚያ ሌሊት እዚህ አልናገርም፤ ሐዘኑ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። የምናገረው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሲንጀራቸውን በጋሪ ጭነው መጡ። ማሽኑ ጭቃ ብቻ ሆኗል። «ይኼ እንግዲህ ለቁራሌው ነው» አሉ። አባባ መልስ አልሰጡም። ጆንያ አነጠፉ፣ ነጭ ጋዝ በሳፋ አስቀረቡ፣ እኛን የልጅ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። አንዱ ብሎን በየተራው ይደረድራል። አንዷ በጥርስ ብሩሽ ታጥባለች። እኔ ጨርቅና ዘይት ላይ ነኝ። አንድ ብሎን ቢጎድል ምሳ የለም! ሲመሽ «እኛ እንሂድ፣ እርስዎ ይጨርሱት» ስንላቸው «የፈታ ይገጥማል» አሉ፤ በፋኖስ ገጠምን።

በማግሥቱ ልብስ ሰፊው ሲመጡ መሞከሪያ ጨርቅ አልነበረም። የገዛ ሽርጣቸውን ጫፍ ከመርፌው ስር አስገቡና ረገጡት። ሰፋ! ሰውየው እንደ ልጅ ሳቁ። ወሬው መጋላ ሲደርስ ያለቅነው እኛ ነን። ሲንጀር ብትል፣ ቡታጋዝ ብትል፣ ሬዲዮ ብትል፣ ቬንትሌተር ብትል፣ ግቢው ሞላ። እማማ «ቤቴን ጋራዥ አደረገው» እያሉ ተቆጡ፤ ሻዩን ግን አላቋረጡም። ክፍያ? ማንጎ ያመጣ ማንጎ አመጣ። ያላመጣም ዕቃውን ይዞ ሄደ። እኔ ሒሳብ የገባኝ እዚያ ግቢ ነው፤ አስተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ሠርግ ላይ «ምንድን ነው የሚሠሩት?» ተብለው «መካኒክ» ሲሉ ፊት ሲዞርባቸው አይቻለሁ። ልጆቻችንን «ካልተማርክ ጋራዥ ትገባለህ» እያልን እናስፈራራለን። ጋራዥ እስር ቤት ነው እንዴ? አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን «ቀጥቃጭ» ምናምን እያሉ መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው! ስድቡን ትተን ይሆናል። ንቀቱን ግን ጠቅልለን አስቀምጠነዋል። ፍሪጃችን ሲቆም ግን «የኔ ጌታ፣ ቶሎ ድረስልኝ» እንላለን። የተሠራለት ሲያመሰግን፣ የሠራው ሲረሳ፣ ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ! የአንድን ባለሙያ ታሪክ በልጆቹ ዲግሪ መሸፈን ውርደት ነው። ዲግሪውን የከፈለው ያ የቆሸሸ እጅ ነው!

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አባባ በቴሌቪዥን አዩት። «ድሮ ቀረ» አላሉም። «ድምፁን ጨምሩት» አሉ፤ ሞተሩን ለመስማት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፣ «ሲበላሽ የሚጠግኑት የእኛ ልጆች ናቸው?»

ስለ መንፈሳዊ ሕይወታቸው አባቶች ይናገራሉ። ድንኳን ለተከላችሁ፣ ውሃ ለቀዳችሁ፣ ከእኛ ጋር ላደራችሁ፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳልል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነው። የአባባ የመሣሪያ ሳጥን አልተሸጠም፣ አይሸጥምም። የሥራ ባልደረቦቻቸው ቅዳሜ ከሰዓት ከሰዓት እኛ ግቢ እየመጡ የሰፈሩን ልጆች ሊያስተምሩ ተስማምተዋል። ወንድም ሴትም ይመጣል። ስም የምመዘግበው እኔ ነኝ፣ ከምሳ በኋላ በሩ አጠገብ ታገኙኛላችሁ። «የልጄ እጅ ይቆሽሻል» የምትሉ ወላጆች ካላችሁ፣ ሳሙናው በእኛ ነው። በሉ፣ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ። አባቶች ባርኩልን።