የልጁን ልብስ ገልብጣችሁ እዩት

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

ልጅ ያላችሁም፣ ልጅ የምትጠብቁም፣ ለልጅ ልጃችሁ ሹራብ የጀመራችሁ አያቶችም እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራው በእጅ ስለሚሠራ፣ ከተፈጥሮ ክር ስለሆነ የሕፃናት ልብስ ነው። ፎቶ ላይ ስለሚያምረው ቀሚስ አላወራም። ልብሱን ገልብጣችሁ ውስጡን እንድታዩልኝ ነው የምፈልገው። ልጁን የሚነካው ውስጡ ነዋ!

አብዛኛው የሱቅ ልብስ የሚሠራው ከውጭ ለሚያየው ሰው ነው። ፊቱ ለስላሳ ነው፣ ሥዕሉም ያምራል። ስትገለብጡት ግን አንገቱ ላይ የሚከረክር ማርካ አለ፣ ጎኑ ላይ ወፍራም ስፌት አለ፣ ደረቱ ላይ ካለው ጥልፍ ጀርባ ደግሞ ሻካራ ክርና ወረቀት የመሰለ ደረቅ ጨርቅ ታገኛላችሁ። እኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲቆረቁረን አውልቀን እንጥላለን። የሦስት ወር ልጅ ማልቀስ ብቻ ነው የሚችለው፤ እኛም ራበው፣ ሆዱን ነፋው፣ እንቅልፉ መጣ እያልን ስንገምት እናመሻለን።

በእጁ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ማስቀረት ይችላል። የአራስ ካናቴራ ከሆነ ስፌቱን ወደ ውጭ ያዞረዋል፣ አይ ያስጠላል ካለ ደግሞ ጠርዙን አጥፎ ጠፍጣፋ አድርጎ ይሰፋዋል። ጥልፍ ከወደደም ከጀርባው ስስ የጥጥ ገበር ያለብሰዋል። ትከሻው ላይ ሁለቱን ጨርቆች ደራርቦ አንገቱ በሰፊው እንዲከፈት ያደርጋል። ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ታውቃላችሁ? ዳይፐሩ ሞልቶ እስከ ጀርባው የወጣ ቀን ልብሱን በጭንቅላቱ በኩል ሳይሆን በትከሻው ወደ ታች ስባችሁ ታወልቁታላችሁ። የሳቃችሁት ደርሶባችኋል ማለት ነው።

ወደ ክሩ ልምጣ። የሕፃን ቆዳ ከእኛ ይሳሳል፣ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ደግሞ የቆዳው ስፋት ከእኛ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቶሎ ይበርደዋል፣ በላዩ ላይ ያረፈ ነገርም ቶሎ ይሰማዋል። በተለመደ የክፍል አየር ጥጥ የክብደቱን 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል፣ ሱፍ 16 በመቶ ገደማ። ሰው ሠራሹ ክር ፖሊስተር ግማሽ በመቶም አይሞላም። ቁጥሩን ብትረሱት ችግር የለም። ዋናው ነገር ልጁ ሲያልበው ጥጥና ሱፍ ላቡን ይመጡለታል፣ ተራ ፖሊስተር ግን ቆዳው ላይ ይተወዋል። አንገቱ እጥፋት ውስጥና ብብቱ ሥር የሚወጣው የሙቀት ሽፍታ የሚመጣው ላብ መውጫው ሲደፈን ነው።

ግን ደግሞ ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ይስማማል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሻካራ ሱፍ ይኮሰኩሳል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ ሳይሆን የክሩ ውፍረት ጉዳይ ነው፤ ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በላይ የሆነ ፀጉር ጫፉ ቆዳ ይወጋል፣ ሜሪኖ የሚባለው የበግ ሱፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ማይክሮን በታች ስለሆነ ቆዳ ላይ ይተኛል። ክር ስትመርጡ በመዳፋችሁ አትፈትኑት፣ መዳፍ ምን ያውቃል! አንገታችሁ ላይ አሹት። ጥጥም የራሱ ጉድ አለው፣ ከረጠበ ማሞቁን ይተዋል፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። ሱፍ እሳት በቀላሉ አይያያዘውም። የቀርከሃ ጨርቅ ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳ ነገር ደግሞ አብዛኛው ቪስኮስ ነው፣ ማለትም ቀርከሃው በኬሚካል ሟሙቶ እንደገና ክር ሆኗል። መጥፎ ነው አልልም፣ ግን የምትገዙትን እወቁ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ለሁለት ወር ልብስ ማን ይደክማል?» እያላችሁ ነው። እውነት ነው፣ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ቁመቱም 25 ሴንቲሜትር ገደማ ይጨምራል። ለዚህ ነው እኮ የእጅ ሥራን የምመርጠው! የሱቁ ልብስ ሲያጥር አለቀ፣ በእጅ የተሠራው ግን ይረዝማል። ቅምቅማቱን በሰፊው አጥፋችሁ ስፉት፣ ልጁ ሲመዘዝ ተርትራችሁ ዝቅ ታደርጉታላችሁ። እጅጌውን አስረዝማችሁ እጠፉት። ሹራቡን ከአንገት ጀምራችሁ ወደ ታች ከሠራችሁት ደግሞ ጫፉን ፈትታችሁ ክር ጨምሮ መቀጠል ነው፤ ጭራሽ እምቢ ካለ ሙሉ በሙሉ ተተርትሮ ካልሲ ይወጣዋል። ጥጥ ጨርቅ ከሆነ ግን ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት፣ አለዚያ ሰብሰብ ብሎ ጉድ ይሠራችኋል።

አንድ ደስ የማይል ነገርም ልናገር። የእጅ ሥራ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም። የሕፃን ኮፍያና አንገት ላይ ማሰሪያ ገመድ አታድርጉ። አውሮፓ ውስጥ ኢኤን 14682 የሚባለው ደረጃ እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ይህን ይከለክላል፣ የሆነ ነገር ይዞት ሊያንቀው ስለሚችል። የእናንተን ሹራብ ግን ማንም መጥቶ አይፈትሽም፣ ፈታሹ እናንተው ናችሁ። ቁልፉን በደንብ ሳቡት፣ ከላላ ልጁ ነቅሎ ይውጠዋል። ካልሲና ጓንት ስትጨርሱ ደግሞ ውስጡን በጣታችሁ ዳብሱ። የተንጠለጠለ አንድ ቀጭን ክር የልጁ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ጣቱ ያብጣል፣ እናንተ ደግሞ ካልሲውን ካላወለቃችሁ አታዩትም። ያን ክር ቁረጡት። ቤት ውስጥ ሲተኛም ያች የምታምር ኮፍያ ትውለቅ፤ ከመጠን በላይ መሞቅ በእንቅልፍ ላይ ከሚደርስ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ጋር ይያያዛል።

ለሰው ስጦታ የምትሠሩ ደግሞ ክሩ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚታጠብ በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ። እንቅልፍ ያጣች እናት ሱፉን ከሌላው ልብስ ጋር በሙቅ ውሃ ማሽን ውስጥ ብትከተው አትፍረዱባት፣ አልነገራችኋትማ። ሱፍ ለብ ባለ ውሃ ሳይታሽ ይታጠባል፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፣ ሳይሰቀል ተዘርግቶ ይደርቃል።

ይኸው ነው። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፣ መርፌና ክር ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ወደ ፊት ጠጋ በሉ።