«ጥፋቱ ያንቺ ነው» ቢሉሽም ካሳ አለ

በዚህ ሳምንት ከደሴም ከኮምቦልቻም ስልኩ ፋታ አልነበረውም። አብዛኛው ደዋይ ያነሣው በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች ከሕግ ባለሙያችን መልስ ጋር እነሆ።

ከኮምቦልቻ የደወለች አድማጭ፦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሠራው። የጨርቅ መቁረጫ ማሽን ሁለት ጣቴን ጎዳኝ። አለቃዬ «ወሬ ስታወሪ ነው የተቆረጥሽው፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው» አለኝ። የመጀመሪያውን ሕክምና ከፍለውልኝ ደመወዜን አቆሙት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አፊያ ያድርግሽ እኅቴ። አለቃሽ ተሳስቷል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። መዘናጋት የሰው ነው። ካሳ የሚያስቀረው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው። በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ ወይም ሰውነትን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባት እንደዚያ ይቆጠራል። «መመሪያ ጥሰሻል» ካሉሽ «የቱን?» በያቸው። ማንም በማያነበው ቋንቋ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ ለእኔ መመሪያ አይባልም።

ወደ ደመወዙ እንምጣ። ሐኪም መሥራት አትችልም እስካለ ድረስ፣ ቢበዛ ለአንድ ዓመት ይከፈልሻል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉውን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ቢያንስ ግማሹን። ደመወዝሽ 4,000 ብር ቢሆን 12,000፣ ከዚያ 9,000፣ ከዚያ 12,000 ነው። ሕክምናውና መድኃኒቱ ለብቻው ነው፤ ከዚህ ላይ አይቀነስም።

ደግሞ የማሽኑ መከላከያ ሽፋን ወልቆ ከነበረ የአሠሪው ጥፋት ነው። ያኔ ከዚህ በተጨማሪ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ካሳ መጠየቅ ትችያለሽ። ማሽኑን ከመጠገናቸው በፊት አንዷ ጓደኛሽ በስልኳ ፎቶ ታንሳልሽ።

ከደሴ የደወለ አድማጭ፦ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። የፋብሪካው ሰርቪስ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ቢገለበጥ የሥራ አደጋ ነው?

መልስ፦ አላህ ይጠብቅህ፤ አዎ ነው። ድርጅቱ ለሠራተኛ ባቀረበው ወይም ለዚሁ በተከራየው መኪና ስትሄድም ስትመለስም ሕጉ ይሸፍንሃል። ሰርቪሱ አምልጦህ በሚኒባስ ከሄድክ ግን ጉዳዩ ከመኪናው ባለቤትና ከመድኑ ጋር ነው።

አንድ አባት ከደሴ፦ ልጄ ሕንፃ ላይ በቀን ሥራ ሲሠራ ከመወጣጫው ወደቀ። እጁ አይታጠፍም። ውል የሚባል ነገር አልነበረውም። ይኸው ስምንት ወር ሆነው።

መልስ፦ አባቴ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ስምንት ወሩ ነው። የካሳ ጥያቄ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ ክሱ ተቀባይነት ያጣል ማለት ነው። ዛሬ ነገ አይበሉ።

ውል አለመፈረሙ አያስፈራዎ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። አብረውት አሸዋ ያቦኩ ልጆች ምስክር ናቸው። ደመወዝ በስልክ ተልኮለት ከሆነ መልእክቱን እንዳያጠፋው። ሆስፒታል ሄዳችሁ የወደቀ ዕለት የተከፈተውን ካርድ ግልባጭ ጠይቁ፣ «ሥራ ላይ» የሚል ተጽፎበት እንደሆነም እዩ።

ከዚያ የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን በመቶኛ ይወስናል። የጡረታ መዋጮ ሲከፈልለት ከነበረ በጡረታ በኩል ይሄዳል። በቀን ሥራ ብዙ ጊዜ ይህ የለም፤ ስለዚህ አሠሪው ራሱ ይከፍላል። ለሙሉ ጉዳት የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ነው፤ ከዚያ በታች ለሆነው በመቶኛው ይሰላል። የዓመት ገቢው 60,000 ብር ቢሆን አምስት እጥፉ 300,000 ነው። ቦርዱ 20 በመቶ ካለ 60,000 ብር ይደርሰዋል። ለክሱ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም።

አሠሪው ሽማግሌ መላኩ አይቀርም። ሽማግሌ አክብራችሁ ተቀበሉ፣ ቡናውም ይፈላ። ቦርዱ ሳይወስን ግን ልጁ አንድም ወረቀት ላይ እንዳይፈርም።