የእንግሊዝኛ ጽሕፈት በፕሮጀክት፦ ጥንስሱን አትቅዱ!

ሰላም ተመልካቾቻችን! ዛሬ ከእንግሊዝኛ መምህራን ጋር ነን። ተማሪው ሰዋስው ፈተና ላይ ትክክለኛውን ፊደል ያከብባል፤ አንድ አንቀጽ ጻፍ ሲባል ግን ብዕሩ ይቆማል። ለምን? ማክበብና መጻፍ ለየቅል ስለሆኑ! መጻፍ የሚለመደው በመጻፍ ነው፤ ያውም ለሚያነብ ሰው በመጻፍ።

እስቲ ጠላን አስቡ። ጌሾው ይወቀጣል፣ ከብቅሉ ጋር ይጠነሰሳል። ይቆያል። ከዚያ እንኩሮው ይገባና ይደፈደፋል። አሁንም ይቆያል። ውሃ ይሞላል፣ ይከደናል፣ ሲጠልል ይቀዳል። ጥንስሱን ለእንግዳ የሚቀዳ ቤት አለ? የለም! ጥንስስ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ገና ስለሆነ ነው። ክፍል ውስጥስ? በ40 ደቂቃ የተጻፈውን ጥንስስ ተቀብለን፣ በቀይ እስክሪብቶ አጥለቅልቀን፣ "ከ10 4" ብለን እንመልሳለን። ጥንስስ ላይ ማርክ! ፕሮጀክት ለጥንስሱ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ለድፍድፉም፣ ለመጥለሉም።

እሺ፣ ወደ ሥራው። 10ኛ ክፍል፣ 60 ተማሪ እንበል። የሚያዘጋጁት ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ገቢዎች የትምህርት ቤት መመሪያ ቡክሌት ነው፣ በእንግሊዝኛ። አምስት አምስት ሆነው 12 ቡድን፣ ለየቡድኑ አንድ ገጽ፦ ቤተ መጻሕፍት፣ ላብራቶሪ፣ ክበባት... በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ናሙና ያነባሉ፣ በሁለተኛው ጠይቀው ማስታወሻ ይይዛሉ፣ በሦስተኛው እያንዳንዱ ለብቻው 100 ቃል ገደማ ይጽፋል። በአራተኛው ተለዋውጠው ያነባሉ፤ ስለ ይዘት ብቻ! "አዲስ ተማሪ ምን ይጎድለዋል?" አምስተኛው ሁለተኛ ረቂቅ። ስድስተኛው ላይ ከረቂቆቹ በጣም የተደጋገሙ ሁለት ስሕተቶችን መርጣችሁ 15 ደቂቃ አስተምሩ። አንዱ ባለቤት አልባ ዓረፍተ ነገር መሆኑ አይቀርም፤ በአማርኛ ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ስላለ ልጁ "ኢት"ን ዘሎ "ኢዝ ቬሪ ቢግ" ብሎ ይጀምራል። የቀሩት ሁለቱ ለእርማትና ወደ ቡድኑ ገጽ ለመገልበጥ።

አሁን ግን ቆም እንበል፤ ደጋግማችሁ የምትሉን አለና። "ይሄማ የቡድን አሳይመንት ነው፣ ድሮም እንሰጣለን።" አይደለም! በፍጹም አይደለም። አሳይመንቱ ቤት ይሄዳል፤ አንዷ ጎበዝ ትጽፋለች፣ አራቱ ስማቸውን ያስገባሉ። ወይም ስልክ አማርኛውን ተርጉሞ ይጨርሰዋል። መምህሩ የሚያየው የመጨረሻውን ወረቀት ብቻ። እዚህ ግን ረቂቁ ክፍል ውስጥ፣ በእጅ ይጻፋል፤ ሁለቱም ረቂቆች ከመጨረሻው ጋር ተያይዘው ይሰበሰባሉ። ከ20 ማርክ 12ቱ የግል ይሁን፤ ከ12ቱ 6ቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ረቂቅ ወደ ሁለተኛው ለታየው ለውጥ። በዚህ ነጥብ አንደራደርም፤ የግል ማርክ ከሌለ አራቱ ልጆች አይጽፉም። የማርክ መስጫ ቅጹን በሚቀጥለው ቪዲዮ መስመር በመስመር እንሠራዋለን፤ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁን።

"60 ረቂቅ ማን ያርማል?" ማንም አያርምም! በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ስሕተት አታርሙ፤ ከግርጌው አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፦ "ስንት ሰዓት ይከፈታል?" "መጽሐፍ ለመዋስ ምን ያስፈልጋል?" ገጹ በቀይ ከተሞላ ልጁ በሁለተኛው ረቂቅ የሚያውቃቸውን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ስሕተቱም ሐሳቡም አብረው ይቀንሳሉ።

ማተሚያ ከሌለስ? 12ቱን ገጾች በእጅ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጥፉ፤ ሚኒ ሚዲያውም በእረፍት ሰዓት ያንብባቸው። የሚለጠፍበትን ቀን ግን ገና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጻፉት።