ሁለቱ ጆን ጆንሶች

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሻዬን ይዣለሁ፣ የካርዲፍ ዝናብ መስኮቱን እየደበደበው ነው። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ስለነሳኝ ሰው ላወራችሁ ነው። ሰውየው ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል። ስሙ ጆን ጆንስ ነው።

ዌልስን ለማታውቁ፣ እዚህ አገር ጆን ጆንስን መፈለግ መርካቶ መሀል ቆሞ "ከበደ!" ብሎ እንደመጣራት ነው። ግማሹ ገበያ ዞሮ ያያችኋል።

ነገሩ የተጀመረው በምራቅ ነው። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት ማለቴ ነው፣ ልደታቸውን ሲያከብሩ ልጆቻቸው የዲኤንኤ መመርመሪያ ገዝተው ሰጧቸው። ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ናት። እስከ ምልክቷ ድረስ በምራቅ መሙላት ነው። ከዚያ በፊት ለግማሽ ሰዓት መብላትም መጠጣትም አይቻልም። እሳቸውን ለግማሽ ሰዓት ከሻይ መለየት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አፋቸው ደርቆ፣ ቱቦዋን ይዘው፣ እኛ ዙሪያውን ከበን ስናያቸው፣ "እንዲህ አፍጥጣችሁብኝ እንዴት ይመጣልኛል?" አሉ። ሳቄ አመለጠኝ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው እንትፍ እንትፍ የሚለው ሲመርቅ ነዋ!

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ። አማቴ መቶ ከመቶ ዌልሳዊ ነኝ ብለው ነበር የጠበቁት። ወረቀቱ 71 ከመቶ አላቸው። የቀረው በአብዛኛው እንግሊዝ። ተቆጡ። "እንግሊዝ? በየት በኩል ገባ?" በዓመቱ ኩባንያው ስሌቱን አደስኩ ብሎ 83 አደረገላቸው። እሳቸው ያው እሳቸው ናቸው፣ ምራቁም ያው ምራቅ ነው። ይህ ቁጥር የሚመጣው የእናንተን ዲኤንኤ ዛሬ በየአካባቢው ከሚኖሩ ሰዎች ናሙና ጋር በማመሳሰል ነው። ናሙናው ሲቀየር እናንተም ትቀየራላችሁ።

በ2015 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ያሉበት አንድ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከመላው ብሪታንያ ገጠር ወደ 2,000 ሰው ወሰዱ። አራቱም አያቶቻቸው በአንድ አካባቢ የተወለዱትን ብቻ ነው የመረጡት። የሰሜን ዌልስና የደቡብ ዌልስ ሰው በዲኤንኤ ተለይቶ ይታያል አሉ። ደግሞ "ኬልት" ተብሎ በአንድ ከረጢት የሚገባ ሕዝብ አላገኘንም አሉ። ይህን ለአማቴ ሳነብላቸው፣ "እኔም ከሰሜን ሰው ጋር አንድ ነኝ ብዬ አላውቅም" አሉኝ። ቅድመ አያታቸው ከሰሜን መሆኑን ያኔ አላወቁም።

እንግዲህ ጆን ጆንስ እዚህ ላይ ነው የሚገባው።

አማቴ ተወልደው ያደጉት ሮንዳ ነው፣ በደቡብ ዌልስ የከሰል ሸለቆ። ሮንዳ በ1851 ሰው የሌለበት ያህል ነበር፣ 2,000 እንኳ አይሞላም። በ1911 ከ150,000 በላይ ሆነ። ያን ሁሉ ሰው የሳበው ከሰሉ ነው። ስለዚህ የሮንዳ ሰው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ጥያቄው ከየት የሚለው ነው።

መጀመሪያ የ1911ን የሕዝብ ቆጠራ ከፈትኩ። ይህ ቆጠራ ከቀደሙት የሚለየው፣ አባወራው ራሱ በእጁ የሞላው ቅጽ መቀመጡ ነው። የአማቴ አያት የእጅ ጽሑፍ ስክሪኔ ላይ መጣ። ወፍራም፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ። ሥራ፦ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ። የትውልድ ቦታ፦ ፌስቲንዮግ፣ ሜሪዮኒድ። ሰሜን! ቋንቋ፦ ሁለቱም፣ የዌልስ ቋንቋም እንግሊዝኛም። ቆጠራው ዌልስ ውስጥ ከ1891 ጀምሮ ቋንቋ ይጠይቃል። አማቴ ዛሬ በዌልስ ቋንቋ "ጤና ይስጥልኝ"ን አልፈው አይሄዱም።

ከዚያ አንድ ዓምድ አለ። የ1911 ቆጠራ ያገቡ ሴቶችን በትዳራችሁ ስንት ልጅ ወለዳችሁ፣ ስንቱ በሕይወት አለ፣ ስንቱ ሞተ ይላል። ሰውየው ሰባት ብሎ ጻፈ። አምስት። ሁለት። "ሁለት" የሚለው ላይ ብዕሩ ትንሽ ቆሞ ቀለም አፍስሷል፣ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። አማቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። "አባቴ አምስት ነበርን ነው የሚለው" አሉ። "ሁልጊዜ አምስት።" የዚያን ቀን ሌላ ነገር አልፈለግንም።

ወደ ሰሜን ተሻገርኩ። ፌስቲንዮግ የ"ስሌት" ድንጋይ አገር ነው፣ ያ ለጣሪያ የሚሆነው ግራጫ ድንጋይ። ተራራው ሁሉ የድንጋይ ካባ ነው። የአያትየው አባት ጆን ጆንስ፣ የካባ ሠራተኛ፣ ሚስቱ ማርጋሬት። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው በሐምሌ 1837 ነው፣ ስለዚህ የጋብቻ ሰርተፍኬት መኖር አለበት። አዘዝኩ። 12 ፓውንድ ተኩል። መጣ። ጆን ጆንስ፣ የካባ ሠራተኛ፣ ሙሽራዋ ማርጋሬት፣ አባትየውም የካባ ሠራተኛ። እሰይ አልኩ። የአባቱን አባት፣ የእናቱን ወገን፣ ሦስት ወር ሙሉ ከፍ እያልኩ ወጣሁ። ማታ ማታ ልጄን አስተኝቼ እስከ እኩለ ሌሊት። ባለቤቴ "ከእኔ ይልቅ ከሙታን ዘመዶቼ ጋር ትውያለሽ" ማለት ጀምሮ ነበር።

ሰውየው የሌላ ሰው ቅድመ አያት ነበር።

እዚያው ደብር፣ በሁለት ዓመት ልዩነት፣ ሌላ ጆን ጆንስ፣ የካባ ሠራተኛ፣ ሌላ ማርጋሬት አግብቷል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ይህን ለማስረዳት ወደ አባዬ ልውሰዳችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለው። በየእሑዱ እደውልለታለሁ። አንድ እሑድ፣ "አባዬ፣ እዚህ ሰዎቹ ድሮ ስማቸው እንደኛ ነበር" አልኩት። "እንዴት?" አለ። ነገርኩት። ዌልሶች የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። ልጁ የራሱን ስም ይይዛል፣ ከዚያ የአባቱን፣ ከዚያ የአያቱን። መሀሉ ላይ "አፕ" ትገባለች፣ የእገሌ ልጅ ማለት ነው። አናባቢ ከተከተለ "አብ" ትሆናለች። አያስቅም? በግዕዝ አብ አባት፣ በዌልስ አብ የእገሌ ልጅ። ለሴት "ቬርኽ" ነው። ሴቷ ብታገባም የአባቷን ስም አትለቅም።

አባዬ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "ታዲያ ማን ቀማቸው?" አለ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1536 እና በ1543 በወጡት ሕጎች ዌልስ ከእንግሊዝ ጋር ተጠቃለለች፣ የፍርድ ቤቱ ቋንቋም እንግሊዝኛ ሆነ። ጸሐፊው አፕ አፕ ሲባል እጁ ዛለ መሰለኝ። መጀመሪያ ባላባቱ ስሙን አቆመ፣ ድሃው ቀስ እያለ ተከተለ። አፕ ሪስ ፕራይስ ሆነ። አፕ ሃውል ፓውል። አብ ኦወን ቦወን። የብሪታንያን የሕዝብ ጤና አገልግሎት፣ ኤንኤችኤስን፣ የመሠረቱት አናይሪን ቤቫን ስማቸው አብ ኢቫን ነው። ሌላው ደግሞ በእንግሊዝ ወግ መጨረሻው ላይ "ስ" ተጨመረበት፦ የጆን ልጅ ጆንስ፣ የዊልያም ልጅ ዊልያምስ። የዌልስ ፊደል ጥንት "ጄ" የሚባል ፊደል እንኳ አልነበረውም። አሁን አገሩ ሁሉ ጆንስ ነው።

በሰሜን ምዕራቡ ገጠር ደግሞ ነገሩ በጣም ዘግይቷል፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ። ስለዚህ ጆንስና ጆንስ ጎረቤት ናቸው እንጂ ዘመድ ላይሆኑ ይችላሉ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደውን የወንድ ዲኤንኤ መርምሮ በቤተሰብ ስም ማሰባሰብ ሌላ ቦታ ይሠራል። ዌልስ ላይ ግን ስሙ ትናንት የመጣ፣ ዘሩ የጥንት ነው፣ አይገጥምም።

ከዚህ ጉድጓድ ያወጣኝ ያ ችላ ያልኩት የምራቅ ውጤት ነው። ከመቶኛው ሥር የተዛማጆች ዝርዝር አለ። አንድ ዓመት ሙሉ አልከፈትኩትም፣ ሞኝነቴን እዩልኝ። ከፈትኩት። ከቬርሞንት፣ አሜሪካ፣ አንዲት ሴት፣ 61 ሴንቲሞርጋን። ሴንቲሞርጋን ሁለት ሰዎች የሚጋሩት ዲኤንኤ መለኪያ ነው። የአጎት ልጆች በአማካይ 850 አካባቢ ይጋራሉ። ቅድመ አያቶቻቸው ወንድማማች ከሆኑ 70 አካባቢ። አንዳንዴ ደግሞ ከእነ ጭራሹ ምንም ላይጋሩ ይችላሉ፣ ዲኤንኤ በየትውልዱ እንደ ካርታ ይበወዛል።

ቬርሞንት ለምን? የቬርሞንትና የኒውዮርክ ድንበር ላይ የስሌት ድንጋይ ሸለቆ አለ። የሰሜን ዌልስ ካባ ሠራተኞች ሙያቸውን ይዘው የሄዱት እዚያ ነው። ጻፍኩላት። በማግስቱ መለሰች። የቤተሰቧን መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጽ በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። በዌልስ ቋንቋ፣ በቡናማ ቀለም፣ ዘጠኝ ወንድምና እህት ከነልደታቸው ተዘርዝረዋል። ጆን ስድስተኛው ነው፣ 1845። ከላይ ደግሞ የእርሻው ስም።

የእርሻው ስም! ዌልስ ውስጥ ሰው የሚለየው በዚህ ነው። ሁሉም ጆንስ ከሆነ የየትኛው ቤት ጆንስ ትላላችሁ። የ1851ን ቆጠራ በእርሻው ስም ፈለግሁ። አለ። ጆን፣ ዕድሜ 6። የኔው ጆን።

ከዚያ በኋላማ መዝገቡ ተከፈተ። በአበሪስትዊዝ ያለው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የአሥራት ካርታዎችን በነጻ ኦንላይን አውጥቷቸዋል። በ1836 በዓይነት የሚከፈለው አሥራት በገንዘብ ይሁን ሲባል ማሳው ሁሉ ተለክቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ባለቤቱና አራሹ ተጽፏል። የእርሻውን ማሳዎች አየኋቸው። አንዱ "ካይ ፈኖን" ይባላል። የምንጭ ማሳ ማለት ነው። የጆንን አባት ጥምቀት ደግሞ የደብሩ መዝገብ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ሜቶዲስት ስለነበሩ የጸሎት ቤታቸው መዝገብ ላይ ነው የተገኘው። እዚያ ላይ ጆንስ የሚለው ስም ጠፋ! የጆን አያት ስም ጆን ኤሊስ ነው። የኤሊስ ልጅ ጆን። ሮንዳ ውስጥ ያ ሁሉ ዘመድ የተሸከመው ስም በ1780 አካባቢ የተወለደ የአንድ ገበሬ የራሱ ስም ነው። ከአንድ ትውልድ በፊት ተይዞ ቢሆን አማቴ ኤሊስ ነበሩ።

ይህን ስሰማ ምን ትዝ አለኝ መሰላችሁ። እዚህ ስመጣ ፎርሙ ላይ ሰርኔም፣ የቤተሰብ ስም፣ የሚል ሳጥን ነበር። የአያቴን ስም ሞላሁ። ወንድሜ አሜሪካ ሲገባ የአባቴን ሞላ። ከአንድ እናት አባት ተወልደን በወረቀት ሁለት ቤተሰብ ሆነናል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የኔ ዘር የወንድሜን ዘር ሲፈልግ እግዜር ይርዳው።

ባለፈው ወር ወደ ሰሜን ሄድን። አማቴም መጡ፣ በመኪና አራት ሰዓት፣ ሦስት ጊዜ ለሻይ ቆመን። የጸሎት ቤቱ መቃብር ውስጥ ማርጋሬት ጆንስን ፈልገን አጣናት። አማቴ ናቸው ያገኟት። የመቃብሩ ድንጋይ ራሱ ስሌት ነው፣ ጽሑፉ እንደ ትናንት ጥርት ያለ። "ኤር ኮቭ አም" ይላል፣ ለመታሰቢያ። ጆን ጆንስ፣ ከዚያ የእርሻው ስም። ሥሩ ደግሞ ማርጋሬት፣ ከነራሷ አባት ስም፣ ሚስቱ። ጆንስ አይደለችም። አማቴ በጣታቸው ፊደሉን እየተከተሉ ቆዩ። እሳቸው ሲያገቡ የባላቸውን ስም ወስደዋል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ "የአያትሽ እርሻስ ማን ይባላል?" አሉኝ።

አላውቅም ነበር። እሑድ ለአባዬ ደወልኩ። ወዲያው ነገረኝ። ከዚያ ሳልጠይቀው ሰባት ቤት ቆጠረልኝ፣ እገሌ የእገሌ፣ እገሌ የእገሌ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። ጻፍኩ። "እናቶቹስ?" አልኩት። የእናቱን ነገረኝ። የአያቱን ሚስት ነገረኝ። ከዚያ ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ" አለ። "ቆይ፣ እትዬን ልጠይቃት።" ታላቅ እህቱ ናት፣ ዘጠና አልፏታል። ማክሰኞ ይደውላል። አማቴም ጠዋት ጠዋት "ደወሉ?" እያሉኝ ነው።